የፕሮቶኮሉን ወንበር ለሕግ ባለሙያ ስጡት

ለ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻና ዙሪያ ለምትገኙ የክፍለ ከተማና የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በፕሮቶኮል የሥራ መደብ ላይ የሕግ ባለሙያ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣

አምባሳደር ተቀብሎ መሸኘት ድሮ የመሀል ከተማ ሥራ ነበር። ዛሬ የውጭ ልዑክ የሚጎበኘው ፋብሪካ ቂሊንጦ፣ ቦሌ ለሚ ወይም ዱከም ነው። የመሠረት ድንጋይ የሚጣለው ሰበታና ሱሉልታ ነው። የኤምባሲ ሠራተኛም ቤት የሚከራየው አያት፣ ሰሚትና ለገጣፎ ሆኗል። ሥራው ወደ ዳር ሲወጣ ባለሙያው ግን አብሮ አልወጣም። በብዙ ጽሕፈት ቤት «ፕሮቶኮል» የሚባለው ሰው ጥሩ ሱፍ ያለው፣ ቀልጠፍ ያለ፣ እንግዳ ሲመጣ በር የሚከፍትና ውኃ የሚያስቀርብ ነው። ለቦታው ሰው ሲፈለግም የሚታየው ቁመና ነው፤ ሕግ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ሕግ ተምረን በዲፕሎማሲና በፕሮቶኮል ሥራ የቆየን ነን። ይህን ወንበር ለሕግ ባለሙያ እንድትሰጡ የምንጠይቃችሁ ሙያውን ለማስከበር ብለን ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ችግሮች የሕግ ችግሮች ስለሆኑ፣ በጥሩ ሱፍ የማይፈቱ ስለሆኑ ነው።

ብዙዎቻችሁ ከምትጨነቁበት እንጀምር፤ ማን የት ይቀመጥ? በአውሮፓ ነገሥታት ዘመን የአምባሳደሮች የወንበር ጠብ ደም እስከማፋሰስ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1815 የቪየና ጉባኤ መፍትሔ አበጀለት፤ በ1961 የወጣው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነትም በአንቀጽ 16 አጸናው። በአንድ ማዕረግ ያሉ የሚሲዮን (የኤምባሲ) መሪዎች ቅድሚያ የሚያገኙት ሥራ በጀመሩበት ቀንና ሰዓት ነው። በእኛ አገር አሠራር ይህ የሹመት ደብዳቤያቸውን ለፕሬዚዳንቱ ያቀረቡበት ቀንና ሰዓት ነው፤ ደብዳቤውን የመቀበሉን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ነው። በአንድ ጠዋት አራት አምባሳደሮች ደብዳቤ ቢያቀርቡ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወሰነው አገር ውስጥ በገቡበት ቀንና ሰዓት ነው። የአገሩ ስፋት፣ የሰጠው ብድር፣ የአምባሳደሩ ዕድሜ ቦታ የላቸውም። ጉዳይ ፈጻሚ (አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚመራው ዲፕሎማት) ደግሞ የመጣበት አገር የቱንም ያህል ኃያል ቢሆን ከአምባሳደሮች ሁሉ ኋላ ነው።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ፕሮጀክቱን የደገፈውን አገር አምባሳደር «ገንዘቡን የሰጠው እሱ ነው» ብሎ ከነባሮቹ ፊት ማስቀመጥ ነው። ቅር የተሰኘው አምባሳደር ምንም አይናገርም፤ በሚቀጥለው ጥሪ ዝቅ ያለ ማዕረግ ያለውን ዲፕሎማት፣ ሁለተኛ ጸሐፊውን ይልካል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ደጋፊውን አገር በጥሪ ካርዱ ላይ አብሮ አዘጋጅ አድርጉት። ያኔ አምባሳደሩ ከአስተናጋጁ ቀኝ የሚቀመጠው በአዘጋጅነቱ ስለሚሆን የማንም ተራ አይነካም። በተጨማሪ፣ አዲስ አበባ ያሉ ብዙ አምባሳደሮች ለኢትዮጵያም ለአፍሪካ ኅብረትም የተሾሙ ናቸው፤ ሁለቱ ዝርዝሮች የየራሳቸው ተራ አላቸው። ዝግጅቱ የእናንተ ከሆነ የምትከተሉት የኢትዮጵያን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ካለፈው ዓመት ፋይል አትገልብጡ፤ በዝግጅቱ ሳምንት ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፕሮቶኮል ጠይቁ። አምባሳደር ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ትናንት አምባሳደር በነበረበት ቦታ ዛሬ ጉዳይ ፈጻሚ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው፣ ከወንበሩም የከፋው፣ ፊርማ ነው። አንድ ክፍለ ከተማ ከአንድ ኤምባሲ ጋር «የመግባቢያ ሰነድ» ይፈራረማል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ከዓመት በኋላ ኤምባሲው ሰነዱን አውጥቶ «የቀረጥ ነፃ ቃላችሁስ?» ይላል። ሰነድን አስገዳጅ የሚያደርገው ርዕሱ ሳይሆን ውስጡ የሰፈረው ቃል ነው። «ግዴታ ይገባሉ»፣ «በሥራ ላይ ይውላል»፣ «አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይፈታል» የሚል ሰነድ ስሙ መግባቢያ ቢሆንም ውል ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። አስገዳጅ እንዲሆን ካልፈለጋችሁ «ለመተባበር ፍላጎታቸውን ይገልጻሉ» በሉ፤ የሕግ ግዴታ እንደማይፈጥር በአንድ አንቀጽ ለይታችሁ ጻፉ።

የሥልጣን ጥያቄም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(8) መሠረት ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚደራደረውና የሚያጸድቀው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 55(12) ደግሞ ማጽደቁን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። በዓለም አቀፍ ሕግም ከርዕሰ ብሔር፣ ከርዕሰ መንግሥትና ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በቀር አገርን ወክሎ ውል የሚፈርም ሰው የሙሉ ሥልጣን ደብዳቤ ይጠየቃል። ክፍለ ከተማ ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ ረቂቁ ገና በረቂቅነቱ፣ የጥሪ ካርድ ሳይታተም፣ በበላይ አስተዳደሩ በኩል ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መሄድ አለበት። በቪየናው የዲፕሎማሲ ስምምነት አንቀጽ 41 መሠረትም ኤምባሲዎች መንግሥታዊ ጉዳያቸውን የሚያካሂዱት ከዚያው ሚኒስቴር ጋር ወይም በእሱ በኩል ነው። ደብዳቤ በቀጥታ ለኤምባሲ መላክ ሥራ የሚያፋጥን ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተመልሶ በሚኒስቴሩ በኩል ይመጣል፤ ያውም ከማብራሪያ ጥያቄ ጋር።

የፊርማው ጠረጴዛ ራሱ ብዙ ሰው የማያውቀው ሥርዓት አለው። ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። በእናንተ ቅጂ የእናንተ ስም ቀድሞ ይጻፋል፤ ፊርማችሁም በግራ በኩል ይሆናል። በእነሱ ቅጂ ተራው ይገለበጣል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ከታተሙ አንደኛው ወገን በራሱ ሰነድ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ይቀራል። ከየፈራሚው ጎን አንድ ረዳት ይቆማል፤ ማኅደሩን በፊርማው ገጽ ላይ ከፍቶ ያቀርባል፣ ቀለሙን ያደርቃል፣ ማኅደሩን ከባልደረባው ጋር ይለዋወጣል። ሌሎቹን ገጾች የሁለቱ ወገን የሕግ ባለሙያዎች በዋዜማው እያነበቡ አጭር ፊርማ ያሳርፉባቸዋል። የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው «አንድ ጊዜ ደግማችሁ ተለዋወጡ» ይላል፤ ፈራሚዎቹ ይለዋወጡና እያንዳንዱ የሌላውን ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ረዳቶቹ ከአዳራሹ ሳይወጡ ማኅደሩን ከፍተው የማን ስም እንደቀደመ ይዩ። ሰነዱ በሁለት ቋንቋ ከሆነም የትኛው ጽሑፍ የበላይ እንደሆነ ካልተጻፈ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ አማርኛውን ለጸሐፊ ሰጥቶ «ብቻ ተርጉሚው» ማለት አያዋጣም።

ሦስተኛው ጉዳይ ወረዳዎችን በየጊዜው ያስጨንቃል፤ ቤት ኪራይ። አንድ አከራይ ቪላውን ለአንድ ኤምባሲ ሁለተኛ ጸሐፊ አከራየ እንበል። ኪራዩ ለስድስት ወር ሳይከፈል ቀረ። አከራዩ ወረዳ ይመጣል፤ ወረዳውም ከደንብ አስከባሪ ጋር ሄዶ በሩን ያሽጋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። በቪየናው ስምምነት አንቀጽ 30 የዲፕሎማት መኖሪያ እንደ ኤምባሲው ግቢ የማይደፈር ነው፤ ቁልፍ የቀየረው አከራይ ቢሆንም የሚጠየቀው መንግሥት ይሆናል። በአንቀጽ 31 ዲፕሎማት በፍትሐ ብሔር ሊከሰስ የሚችልባቸው ሦስት ጉዳዮች ብቻ ናቸው፤ በግል ስለያዘው የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚነሣ የባለይዞታነት ክርክር፣ ውርስ፣ እና ከሥራው ውጭ የሚያካሂደው ንግድ ወይም ሙያ። የኪራይ ዕዳ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አይገባም።

አከራዮች በውሉ ላይ «ያለመከሰስ መብቴን ትቻለሁ» የሚል አንቀጽ አስገብተው ይተማመናሉ። መብቱ ግን የዲፕሎማቱ ሳይሆን የላኪው አገር ነው። በአንቀጽ 32 መሠረት መብቱን የሚያነሣው ላኪው አገር ነው፤ ያውም በግልጽ። ክስ እንዲቀርብ መብቱን ማንሣትና ፍርድ እንዲፈጸም ማንሣትም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አከራዩ አሸንፎም ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ወረዳው ለአከራዩ ሊሰጠው የሚገባው ምክር ውል ከመፈረሙ በፊት ነው፦ ተዋዋዩ ግለሰቡ ሳይሆን ኤምባሲው ይሁን፤ ማኅተምም ይኑረው፤ ክፍያው ሕግ በሚፈቅደው መጠን በቅድሚያ ይሁን፤ መጠባበቂያ ይያዝ፤ የመልቀቂያው ማስታወቂያ ጊዜም ይጻፍ። ዕዳው ከመጣ በኋላ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ውሉንና የዕዳውን ስሌት አያይዞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ለኤምባሲው ማስታወቅ። ኤምባሲዎች እንዲህ ያለ ማስታወሻ መዝገባቸው ላይ እንዲቀመጥ አይወዱም፤ ስለዚህ አዝጋሚ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ፍሬ ያፈራል። ዲፕሎማቱ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ለግል ጉዳዩ ያለው ከለላ ያበቃል፤ ነገር ግን ሰውየው የለም።

የመኪና አደጋም እንዲሁ ነው። የቃሊቲን መንገድ የሚያውቅ ሰው የጅቡቲ ተሳቢ፣ ባጃጅና የኤምባሲ መኪና ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚሄዱ አይነገረውም። ትራፊክ ፖሊሱ መታወቂያ መጠየቅ፣ አደጋውን መመዝገብ፣ የጠጣ ሰው መሪ ይዞ እንዳይቀጥል ማድረግ ይችላል። ዲፕሎማቱን ማሰር፣ መፈተሽ፣ በግድ ማስመርመር አይችልም። የሚሲዮኑ መኪናም በአንቀጽ 22 አይፈተሽም፣ አይያዝም። ሾፌሩ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ የዲፕሎማት ከለላ የለውም፤ ብቻ የሚሲዮኑን ሥራ ከመጠን በላይ በማያሰናክል መንገድ ይጠየቃል። ቆንስሎችም ከዲፕሎማት ያነሰ ከለላ ነው ያላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1963ቱ የቆንስላ ስምምነት የሚጠበቁት ለቆንስላ ሥራቸው ነው። የክብር ቆንስል የሆነ ነጋዴ በግል መኪናው ሲጋጭ «ዲፕሎማት ነኝ» ቢል እውነት አይደለም። ይህን ልዩነት መንገድ ዳር ቆሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለፖሊስ የሚያስረዳ ሰው በስልክ የሚገኝ መሆን አለበት። ለተጎዳው ሰው ደግሞ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ በዚያው ሰዓት ይመዝገብ፤ ዋነኛው የካሣ መንገዱ እሱ ነውና።

ስለ ሥነ ሥርዓቱ ውጫዊ ነገር ብዙ አንልም፤ ይህንን ብዙዎቻችሁ በልምድ ታውቁታላችሁ። አንዳንድ የማይታለፉ ነገሮች ግን አሉ። የክብር እንግዳ የሚቀመጠው ከኋላ በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ምንጣፉ የሚያልቀው መኪናው ሲቆም የኋላ ቀኝ በሩ በሚከፈትበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። የፋብሪካ ግቢ በር ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ያስገባል፤ አምባሳደሯ በጭቃ መኪናውን ዞረው ይመጣሉ። በዋዜማው በዚያው መኪና አንድ ጊዜ ገብቶ መውጣት ይበቃል። በቱሉ ዲምቱ በኩል በፈጣን መንገዱ የሚሄድ አጀብ ካለ የሁሉም መኪና ክፍያ አስቀድሞ ካልተስተካከለ አጀቡ ክፍያ ጣቢያው ላይ ይቆራረጣል። የሱሉልታ ዳገት ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ አገር ትናንት የገባን አረጋዊ እንግዳ ቁልቁለት አውርዶ ዳገት ማስወጣት አይገባም። ድንኳኑ ጀርባውን ለነፋስ ይስጥ፤ ጄኔሬተሩ ከድምፅ ማጉያው ይራቅ።

ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከምሰሶው በኩል ያለው ቀለም የቱ እንደሆነ ይታይ። የማሊና የጊኒ ቀለሞች አንድ ሆነው ተራቸው ብቻ የተገለበጠ ነው፤ የኮትዲቯርና የአየርላንድም እንዲሁ። የፖላንድ ሰንደቅ ሲገለበጥ የኢንዶኔዥያን ይመስላል። በሐውልቱ ጽሑፍ ላይ የአገሩ ስም ወቅታዊ ይሁን፤ ስዋዚላንድ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤስዋቲኒ ነው፤ መቄዶንያም ከ2019 ጀምሮ ሰሜን መቄዶንያ ነው፤ ኮንጎም ሁለት ናቸው። እብነ በረድ ላይ የተቀረጸ ስሕተት በእርሳስ አይሰረዝም።

የሰዓትና የቀን ነገር ግን ይቅር የማይባል ነው፤ ዛሬም ይደጋገማል። «ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት» የሚለው ጥሪ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ቁጥሩ እንዳለ ከተቀመጠ እንግዳው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ያኔ ወንበር እየተነሣ ነው። ቀኑም ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ይዛነፋል። ስለዚህ በውጭ ቋንቋ በሚወጣ ካርድ ላይ የሳምንቱ ቀን በስሙ ይጻፍ፤ ቀኑና ቁጥሩ ካልተገናኙ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። የእኛ ስም አጠራርም ለእንግዳ እንግዳ ነው። ኢትዮጵያዊው አምባሳደር በራሱ ስም ይጠራል፣ ፈረንሳዊው በቤተሰብ ስሙ፤ የቻይናው የቤተሰብ ስም ደግሞ ፊት የሚመጣው ነው። የኢትዮጵያዊት ባለቤት ስም በባሏ ስም አይጻፍም። ምግቡን በተመለከተ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን፣ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በየራሱ ትሪና ማንሻ መቅረቡ፣ ይህን ሁሉ አስተናባሪዎቻችሁ ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ።

አሁን ስለምትመድቡት ሰው። ሕግ ተምሮ ዲፕሎማት መሆን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሎሬንዞ ታዕዛዝ በፈረንሳይ በሞንፐሊዬ ሕግ አጥንተው በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢትዮጵያን በመንግሥታቱ ማኅበር ወክለዋል። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ሕግ ያጠኑት በፈረንሳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ነበሩ፤ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (በዛሬዋ ናሚቢያ) ጉዳይ በዓለም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 የከሰሰችውም ሕግና ዲፕሎማሲን ባጣመረ ሥራ ነው። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1966 ፍርድ ቤቱ ድምፅ እኩል ሲከፈል በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱን አልተቀበለውም።

የሕግ ምሩቅ ወደዚህ ሥራ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ጠቃሚ ነገር ጽሑፍ ማንበቡ ነው፤ ኮማ አይቶ ይቆማል። ያመጣውም ችግር አለ። መርታት ይወዳል። እንግዳ በር ላይ ቆሞ «የተመደበልኝ ቦታ ይህ አይደለም» ሲል አንቀጽ መጥቀስ አይጠቅምም፤ ወደ ጎን ወስዶ ቡና አቅርቦ በሦስት ደቂቃ መፍትሔ ማግኘት ነው የሚጠቅመው። ጠበቃ ለደንበኛው ይከራከራል፤ ዲፕሎማት ግን ከተሰጠው መመሪያ ውጭ አንድ ቃል አይገባም፤ ማታውኑም ሪፖርቱን ይጽፋል። አጻጻፉም ይለወጣል። ለኤምባሲ የሚሄደው ማስታወሻ በሦስተኛ መደብ ነው፤ «ከፍተኛ አክብሮቱን እየገለጸ» ብሎ ይጀምራል፣ አክብሮቱን በድጋሚ ገልጾ ይዘጋል፤ ሙሉ ፊርማ የለውም፤ አጭር ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። ፍርድ ቤት የለመደ እጅ «ስለሆነም እንዲወሰንልን» ብሎ ሲጨርሰው ማስታወሻው ክስ ይመስላል። ይህን ሁሉ በጥቂት ወራት ልምምድ መላመድ ይቻላል። ሕግ ያላነበበን ሰው ግን አንቀጽ 31ን በጥቂት ወራት ማስተማር ከባድ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በመዋቅራችሁ ውስጥ የፕሮቶኮል ባለሙያው ከጠቅላላ አገልግሎት ሥር ወጥቶ ተጠሪነቱ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይሁን፤ ውኃና ወንበር የሚያቀርበው ሰው ለብቻው ይኑር። የሥራ መደቡ መስፈርት በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪን ይጨምር። ደረጃውም ከነገረ ፈጅ አይነስ፤ አለዚያ ጎበዙ በስድስት ወር ጥሎት ይሄዳል። ከመመደቡ በፊት በአንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ ከዋዜማው እስከ ሽኝቱ ድረስ ከነባር ባለሙያ ጎን ቆሞ ይይ። ከውጭ አካል ጋር የሚፈረም ማንኛውም ወረቀት የእሱ አጭር ፊርማ ሳያርፍበት ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ አይቅረብ።

ረቂቅ የሥራ ዝርዝር ለማዘጋጀት ለሚፈልግ ጽሕፈት ቤት ያለ ክፍያ ለመተባበር ፈቃደኞች ነን።

ከሰላምታ ጋር
በዲፕሎማሲና በፕሮቶኮል ሥራ ላይ የቆየን የሕግ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለሕግ ትምህርት ቤቶች
ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች
ለትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቶች